ከፍራሽ ሥር የተገኘ ቋንቋ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

አልሰጥም አልኩ፤ ሳልሰጥ ተወሰደ። ደብተሬ በእቴቴ ሳጥን ውስጥ ነው፤ የሳጥኑ ቁልፍ አንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጋር ተንጠልጥሏል። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው።

የሆነው እንዲህ ነው። ትናንት ስንዱ ልብስ ስታሰጣ ራሷን ስታ ወደቀች። ስንዱ የእቴቴ ልጅ ናት፤ እቴቴ የአባቴ እህት ናቸው። ከአሥራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ ሞላሌ እሳቸው ቤት ነው ያደግኩት። አሁን ሃያ ሰባት ሞልቶኛል፣ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ፣ ዛሬም እዚያው ግቢ ጓሮ ባለችው ክፍል ውስጥ ነኝ። ስንዱን ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ደም ማነስ ነው ብለው የብረት እንክብል ሰጧት፤ ምስር ብዪ፣ ጎመን ብዪ አሏት። እቴቴ እንክብሉን አገላብጠው አዩና "የልጄን ደም ማን ጠጥቶት ነው ያነሰው?" አሉ። ነርሷ ሳቀች። ባትስቅ ይሻል ነበር።

ዛሬ ከቁስቋም እንደተመለሱ የስንዱን ፍራሽ ፀሐይ ላይ ላውጣ አሉ። የጓሳ ሣር የተሞላ ከባድ ፍራሽ ነው። ሲያነሡት ደብተሩ ዱብ አለ። የእኔ ደብተር፣ ከስንዱ ፍራሽ ሥር!

ለፍርድ ያህል እንደ እሳቸው ሆኜ ላየው ሞከርኩ። እቴቴ ዳዊት የሚደግሙ ሴት ናቸው፤ ፊደል አይጠፋቸውም። ከፍተው ያነበቡት ግን የማንም ያልሆነ ቃል ነው፦ ሰሬላ፣ ሺልሌ፣ ነሀሪ። ሥሮቹ በቀይ የተጻፉ ናቸው፤ መምህር ነኝና በእጄ የማይጠፋው ቀይ እስክሪብቶ ነው። የግሶቹን ርባታ በሰንጠረዥ ነው ያሰፈርኩት፤ አራት ማዕዘን ባራት ማዕዘን ሆኖ ክታብ ይመስላል። ያውም ከታመመች ልጅ ፍራሽ ሥር። እኔም ብሆን አማትብ ነበር። ግን ቀጥዬ እጠይቅ ነበር።

እሳቸው አልጠየቁም። "በልጄ ላይ አስደገምሽባት" አሉ።

"እቴቴ፣ ቋንቋ ነው። የፈጠርኩት ነው።"

"ቋንቋ የፈጠረው እግዚአብሔር ነው። አንቺ ማን ነሽ?"

ከዚያ ፍርዳቸውን ሰጡ። ኅዳር ሲታጠን፣ ኅዳር 12 ጠዋት፣ ከግቢው ቆሻሻ ጋር ይቃጠላል። እሳቸው አይጥሉትም። ያደረገው ሰው በገዛ እጁ ካልጣለው አይፈታም ባይ ናቸው።

ስድስት ቀን አለኝ። አልጥልም።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ደብተሩን እዚያ ያስቀመጥኩት እኔ አይደለሁም። መደርደሪያዬ ላይ ከሒሳብ መጻሕፍቱ ኋላ ነበር።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ቅዳሴ ቆሜ ስለ ግስ ሳስብ ቆየሁ። ይቅር ይበለኝ።

በቃሌ የማስታውሰውን ሁሉ እዚህ ልገልብጥ። ሌላ ቅጂ የለኝም። ፎቶ ላነሣው ነገ ዛሬ ስል ሁለት ዓመት አለፈ። ስንፍናዬን ማን ላይ ልለጥፈው?

የቋንቋው ስም ሰሬላ ነው፤ "የእኛ" ማለት ነው። እኔና ስንዱ ነን የጀመርነው፣ እኔ ሰባተኛ እሷ አምስተኛ ክፍል እያለን። መጀመሪያ ሁሉም ሴት ልጅ የምታወራው የወፍ ቋንቋ ነበር፤ በየቃሉ መሐል ሌላ ድምፅ መሰንቀር። የእቴቴ ጆሮ እሱን በሳምንቱ ፈታው። ስለዚህ የራሳችንን አወጣን።

ድምፆቹ። ከንፈር የሚያገናኝ ፊደል በሙሉ ወጣ፤ በ፣ መ፣ ፈ፣ ፐ የሉም። ወም የለም፤ ከንፈር ሾጠጥ የሚያደርገው ኦና ኡም የለም። ለምን ቢባል፣ እራት ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን ስናወራ ከንፈራችን እንዳይንቀሳቀስ። ቀጥሎ ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ ወጡ። እነዚህን "የቁጣ ፊደላት" እንላቸው ነበር። ቁጭ በይ፣ ጥፊ ከዚህ፣ ቀልቃላ፣ ጨቅጫቃ፣ ቅጥ ያጣሽ! ስንሰደብ ስንሰማቸው የኖርናቸው ፊደላት ናቸው። በእኛ ቋንቋ እንዳይገቡ ተማማልን።

ሰዋስው፦
"አይደለም" መጀመሪያ ይመጣል። ቃሉ ሃ ነው። ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ ሰውን አናንጠለጥልም።
አንተና አንቺ አንድ ነው።
አንቱታ የለም። (ይህን እቴቴ ባይሰሙ ይሻላል።)
ግሱ ሲያልቅ እንዴት እንዳወቅሽው ትናገሪያለሽ። ያየሽው በ-ኔ፣ የሰማሽው በ-ሊ፣ የገመትሽው በ-ሺ ያልቃል። "ሺልሌ ያረኔ"፣ ዘነበ፣ አይቻለሁ። "ሺልሌ ያረሊ"፣ ዘነበ አሉ። "ሺልሌ ያረሺ"፣ ሳይዘንብ አልቀረም።

በዚህ በመጨረሻው እኮራለሁ። ሞላሌ በሙሉ በሰሬላ ቢያወራ ከአሥሩ ወሬ ዘጠኙ በ-ሊ ያልቅ ነበር። የእቴቴ "አስደገምሽባት"ም በ-ሺ ነበር የሚያልቀው፤ ሁሉም ሰው ግምት መሆኑን ይሰማ ነበር።

ስንዱ ከሁለት ዓመት በፊት ተወችው። ሲያጯት "የሺ፣ የልጅ ነገር ነው፣ ይብቃን" አለችኝ። እሺ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ሰሬላን የማወራው ከደብተሩ ጋር ብቻ ነው። ቃላቱ ዘጠኝ መቶ ምናምን ደርሰው ነበር፤ ዛሬ ያስታወስኩት ስልሳ አራት ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ትምህርት ቤት ደርሷል። መምህራን ክፍል ስገባ ጸጥ አሉ። የስፖርት መምህሩ ብቻ "የሺ፣ ለእኔም አንድ ድገሚልኝ፣ ዝውውሬ እሺ አላለም" አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ባልስቅ የባሰ ያወሩ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ለብቻዬ ጠርቶ "ወላጆች ጠይቀውኛል፣ ነገሩን በሽማግሌ ጨርሺው" አለኝ። ምን ጠየቁ? ማን ጠየቀ? አይናገርም። -ሊ፣ -ሊ፣ -ሊ።

ስምንተኛ ሐ ክፍል ሰሌዳው ላይ ሰንጠረዥ ስሠራ አንዷ ልጅ ስታማትብ አየኋት። የማባዣ ሰንጠረዥ ነበር።

እቴቴ ወፍጮ ቤት ሲሄዱ ስንዱ ጋ ገባሁ። የበግ ጠጉር ባናዋን እስከ አገጯ ተከናንባ ተኝታለች። ፊቷ ገርጥቷል፤ አሳዘነችኝ።

"ስንዱ፣ ደብተሩ አንቺ ጋ ምን ይሠራል?"

ወደ ግድግዳው ዞረች።

"እኔ እንዳላስቀመጥኩት ታውቂያለሽ።"

"የሺ፣ ሠርጌ በጥር ነው" አለች። እንክብሏን ውጣለች ወይ ብዬ ቆጠርኩላት። ውጣለች።

ያስታወስኩት ቃል አንድ መቶ አርባ ደረሰ። የእህል ስሞች ሁሉ መጡልኝ፤ የአየር ጠባይ ስሞች መጡልኝ። የዘመድ ስሞች ግን እምቢ አሉ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬ እኔ ቀደምኩ።

እቴቴ ገብስ ሲያበጥሩ አጠገባቸው ቆምኩና "መርጌታ ይዩት" አልኳቸው። መርጌታ ኅሩይን ነው፤ የቅኔ መምህር ናቸው፣ እቴቴ ከእሳቸው ቃል አይወጡም።

ሰፌዱ እጃቸው ላይ ቆመ። "ምን ይዩት?"

"ደብተሩን። ድግምት ከሆነ እሳቸው ያውቃሉ። ድግምት ነው ካሉ ራሴ እጥለዋለሁ።"

"ካላሉስ?"

"ይመለስልኛል።"

አየኋቸው፤ አዩኝ። እቴቴ ሰው ፊት ፈርተው አያውቁም። እኔ ይፈተሽ ስል እሳቸው አይፈተሽ ቢሉ ፈሪዋ እሳቸው ይሆናሉ። ይህንንም አውቄ ነው የተናገርኩት። ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ ሙግት የተማርኩት ከእሳቸው ነው።

"ነገ እንሄዳለን። ነጠላሽን በሥርዓት ልበሽ" አሉኝ።

ትንሽ ድል ናት። ግን ድል ናት! እስከ ማምሻው ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን እየተንጎራደድኩ በሰሬላ ስፎክር ነበር። ፉከራ በሹክሹክታ ትንሽ ያስቃል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

መርጌታ ቤት።

እቴቴ ደብተሩን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ጫፉን ብቻ ይዘው፣ ከሰውነታቸው አርቀው ነበር የተሸከሙት። እኔ ከኋላ። ሰው ያየን ነበር። እኔም ያየኝን ሁሉ አየሁት።

መርጌታ መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ። ረጅም ጊዜ አነበቡ። እቴቴ በየገጹ ያማትባሉ። በኋላ መርጌታ ጣታቸውን አንድ ሰንጠረዥ ላይ አሳረፉና "ቀዳማይ አንቀጽሽ ይሄ ነው?" አሉኝ።

"አዎ፣ ያለፈው ነው።"

"ካልዓዩስ? ሣልሳዩስ?"

"የለም መርጌታ። ያለፈና ያላለፈ ብቻ ነው።"

"ድኻ ቋንቋ ነው።"

"ድኻ አይደለም!" አልኩ፣ ድምፄ ከፍ ብሎ። እቴቴ ጉልበቴን ቆነጠጡኝ። በሃያ ሰባት ዓመቴ! ግን አልተውኩም፤ ስለ -ኔ፣ ስለ -ሊ፣ ስለ -ሺ አስረዳኋቸው። መርጌታ መነጽራቸውን አወለቁ። "ያየ፣ የሰማ፣ የገመተ... ማን አስተማረሽ?"

"ማንም።"

"ምስክር ለሚሰማ ዳኛ ጥሩ ነበር" አሉ። ቀጥለው "አንቱታውስ የት አለ?" ሲሉ ግን ጉዴ ፈላ።

"የለም።"

"እኔንም አንተ ልትይኝ ነዋ።"

"በሰሬላ ሁሉም ሰው አንድ ነው፣ መርጌታ።"

"ሰሙልኝ አይደል!" አሉ እቴቴ።

መርጌታ ፍርዳቸውን ሲሰጡ ድምፃቸው የታከተው ሰው ድምፅ ነበር። "አስማት አይደለም፣ ወይዘሮ ዘነቡ። አስማት ስም ይደረድራል እንጂ ግስ አያረባም። ይህች ልጅ ግስ ነው ያረባችው። የማይረባ ነገር ላይ ብዙ ደክማለች፣ ነገር ግን ድግምት አይደለም።"

መሬት ልስም ምንም አልቀረኝም። እቴቴ ግን "እሺ። ታዲያ ምን ሊሠራ ከልጄ ፍራሽ ሥር ገባ?" አሉ።

መርጌታ ወደ እኔ ዞሩ። ለዚህ መልስ ያላት አንዲት ሰው ናት፤ እሷም ቤት ተኝታለች።

እቴቴ ጋቢያቸውን ሊያነሡ ሲነሡ መርጌታ ደብተሩን ወደ እኔ ገለጥ አደረጉት። የመጨረሻዎቹ ሦስት ገጾች። በአረንጓዴ እስክሪብቶ የተጻፉ ናቸው፤ አይቻቸው አላውቅም። "ይህ የሁለት ሰው እጅ ነው። ያንቺ ፊደል ያዘነብላል፣ ይኸኛው ቀጥ ብሎ ይቆማል" አሉኝ ቀስ ብለው።

የስንዱ እጅ ነው። ከሺህ እጅ መሐል እለየዋለሁ።

"ሁሉም የእኔ ነው" አልኳቸው። በ-ኔ የሚያልቅ ውሸት። በዚህ ቋንቋ ታሪክ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

መርጌታ ውሸቴን አላጋለጡም። ግን ስንወጣ "የአንዲት እናት ልብ ካረፈ፣ ደብተር ቢቃጠል ምን አለበት?" አሉ።

"የእርስዎ የቅኔ ደብተርስ ቢሆን?" አልኩ።

እቴቴ ቀድመውኝ ቤት ገቡ። ደብተሩም ወደ ሳጥኑ ተመለሰ። "መርጌታ ምን እንደሆነ ነገሩኝ። ለምን እንደተቀበረ ግን አልነገሩኝም። ዓርብ ትጥይዋለሽ" አሉ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ስንዱ ዛሬ ተነሥታ ፀሐይ ስትሞቅ አገኘኋት። እቴቴ ነገ የሚቃጠለውን እየሰበሰቡ ነበር፤ የተቀደደ ጫማ፣ ያረጀ ሰፌድ፣ የበሰበሰ ጭድ። በቋንቋችን አናገርኳት። ከሁለት ዓመት በኋላ። አረንጓዴውን አይቻለሁ፣ አልኳት።

ማልቀስ ጀመረች። መልሷ ግን በአማርኛ ነበር። "ከመደርደሪያሽ የወሰድኩት ከቁስቋም በፊት ነው። ተውኩት ብዬ ነበር። ሠርጉ ሲቃረብ ግን የምናገርበት አጣሁ።"

በገጾቹ ላይ ያየሁትን በትዝታዬ እዚህ አሰፍራለሁ። አሥራ አንድ ቃል ነው። ሦስቱ፦

ሌቀኔ፦ ሰው ሲያይሽ የምትስቂው ሳቅ።
ጣረሊ፦ በሰው ቤት ስምሽ ሲጠራ ያንቺ ስም አለመምሰሉ።
ቃጤ፦ ሳትዪው የወጣሽ እሺ።

በሁሉም ውስጥ የቁጣ ፊደል አለ። ትናንት ሳየው መሐላችንን አፈረሰች ብዬ ተናድጄ ነበር። ዛሬ ሳስበው ገባኝ። የሠራነው ቋንቋ እየተደበቁ ለማውራት ነበር። መቆጣት አይችልም ነበር። እሷ መቆጣት ሲያምራት ፊደል አጣች፣ ሄዳ አመጣች።

"እሱን አትወጂውም?" አልኳት እጮኛዋን።

"እሱን እወደዋለሁ። ቀየት፣ እናቱ ቤት ሄጄ የእሳቸው ልጅ መሆኔ ነው የጨነቀኝ። ማንም ምን ትፈልጊያለሽ አላለኝም።"

"ታዲያ ለእናትሽ ንገሪያቸዋ! ፍራሽ ሥር ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ በያቸው!"

"ሙሽራዋ ድግምት ትጽፋለች ይባልብኝ?"

"እኔስ ይባልብኝ?"

"አንቺ..." አለች፤ "አንቺ እኮ ደፋር ነሽ።"

ይህ ቃል ከስድብ በላይ አንገበገበኝ። ደፋር የማያመው ሰው ይመስላቸዋል። ደፋር ስለሆንኩ መምህራን ክፍል ብቻዬን ሻይ እጠጣለሁ፤ ደፋር ስለሆንኩ የስምንተኛ ሐ ልጆች በሩቁ ያማትቡብኛል። አለቀስኩ። ንዴት ነው ብያታለሁ።

ሁሉን ነገር ልጨርሰው እችላለሁ። "እቴቴ፣ የመጨረሻዎቹን ገጾች ይዩና የማን እጅ እንደሆነ ይንገሩኝ" ማለት ብቻ ይበቃል። እስከዚያ ገጽ አልገለጡም እንጂ የልጃቸውን ጽሕፈት ያውቃሉ። ሁለት ጊዜ እስከ በራቸው ሄጄ ተመለስኩ።

አልልም። ስንዱ ራሷ ካላለችው አልልም። ግን በእጄ አልጥለውም። ሁለቱም እምቢታዎች የእኔ ናቸው፣ ማንም አላዘዘኝም።

ያስታወስኩት ቃል፦ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት። ቢቃጠልም ሲሶው ተርፏል።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ከሥራ በፊት ነበር። ሣሩ ላይ አመዳይ ነጭ ሆኖ ተጋግሯል፤ ከየግቢው ጭስ ይወጣል፤ ሰፈሩ በሙሉ ያስላል። እኛ ደጅ ጎረቤቶች ተሰብስበዋል። የራሳቸውን እሳት ትተው የእኛን ሊያዩ መጥተዋል።

እቴቴ ጫማውን ጣሉ፣ ሰፌዱን ጣሉ፣ ጭዱን ጣሉ። ከዚያ ደብተሩን ከጨርቁ ፈትተው ዘረጉልኝ። "በእጅሽ።"

ተቀበልኩ። ስድስት ቀን ሙሉ ምን እንደምል ሳጠና ነበር፤ አንዱም አልመጣልኝ።

"አልጥልም፣ እቴቴ" አልኩ። "እርስዎ ከፈለጉ ከእጄ ነጥቀው ይጣሉት። እኔ ግን አልጥልም። ድግምት እንዳልሆነ መርጌታ ነግረውዎታል። ቢያቃጥሉት በቃሌ እንደገና እጽፈዋለሁ፣ አሥር ዓመት ቢፈጅም እጽፈዋለሁ።"

"ኧረ በስመ አብ" አለች አንዷ ጎረቤት።

"ስሙት እንግዲህ!" አልኩና ከፍቼ ማንበብ ጀመርኩ። ጮክ ብዬ። አሥራ አራት ዓመት በሹክሹክታ ብቻ የተነገረ ቋንቋ በአደባባይ ጮክ ተብሎ ተነበበ። መጀመሪያ ድምፄ ተሰባበረ፣ ኋላ ግን ተቃና። አንዱን መስመር በሰሬላ፣ ቀጥዬ በአማርኛ። ውኃ ቀዳሁ፣ ውኃ ቀዳሽ፣ ውኃ ቀዳን። ገብስ አጨድኩ፣ ገብስ አጨድሽ። በግ ጠፋብኝ አሉ። ጉድ ሊሰሙ የመጡ ሰዎች ስለ በግና ስለ ውኃ ሰምተው ግራ ገባቸው። አንድ ሽማግሌ "ይሄ ነው እንዴ?" አሉ፣ ቅር እንዳላቸው።

እቴቴ ግን አልተነቃነቁም። ዓይናቸው ቀልቷል፣ ከጭሱ ይሁን አይሁን አላውቅም። "ይሁን። በግም ይሁን። ለምን ከልጄ ፍራሽ ሥር ቀበርሽው? ይሄን ብቻ መልሺልኝ" አሉ፤ ደብተሩንም ከእጄ ወስደው ወደ እሳቱ ተራመዱ።

አፌን አልከፈትኩም። ይህን ስጽፍ እንኳ ጥርሴን እንደነከስኩ ነኝ።

"እማዬ!"

ስንዱ ባናዋን ተከናንባ በሩ ላይ ቆማለች። ሁሉም ዞረ። "እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት። የሺ አታውቅም ነበር። ስጽፍ ቆይቼ ተኛሁበት። ግማሹ የእኔ ነው እማዬ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የእኔ ነው።"

"የአንቺ?" አሉ እቴቴ።

"አዎ። ድግምት ከሆነ እኔም ደጋሚ ነኝ። ቀየት ያሉትም ይስሙ።"

እቴቴ እሳቱን አዩ፣ ደብተሩን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። ከዚያ እኔን አዩ፤ ምን ያህል እንደሸፈንኩላት ያን ጊዜ የገባቸው ይመስለኛል። ደብተሩን ብብታቸው ውስጥ ከተው ወደ ቤት ገቡ። ጎረቤቶቹ እግራቸው እምቢ እያላቸው ተበተኑ። ስንዱን ደግፌ አስገባኋት፤ እሳቱን ማንም አላጠፋውም፣ ራሱ ጠፋ።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አምልጦኛል። ሁለተኛውን አስተምሬአለሁ። ጭስ ጭስ እሸት ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ቀትር ላይ እቴቴ ምሳ አቀረቡ። በአንድ ገበታ በላን። ስንዱ በስልክ ለእጮኛዋ ራሷ ነገረችው። ሳቀ አለችኝ፤ ከዚያ ግን "እናቴ እስኪረጋጉ ጥቂት ቀን ስጪኝ" አላት። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አናውቅም። ሠርጉ በጥር ይሁን አይሁንም አናውቅም። ስንዱ ግን ጎመኗን ጨርሳ በላች።

ከሰዓት በኋላ እቴቴ ወደ ጓሮ፣ ወደ ክፍሌ መጡ። አንኳኩተው ገብተው አያውቁም፤ ዛሬ አንኳኩ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡና ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ስንዱም ተከትላቸው መጥታ በሩን ተደግፋ ቆመች። ቤቴን ልቀቂ ሊሉኝ ነው ብዬ ነበር። ልብሴን በየትኛው ሻንጣ እንደማደርግ እንኳ አስቤ ጨርሼ ነበር።

"አሥራ አራት ዓመት" አሉ። "በቤቴ፣ በገበታዬ፣ ፊቴ ተቀምጣችሁ። ስለ እኔ ምን ስትሉ ኖራችሁ?"

ይህን ጥያቄ አልጠበቅሁም። ድግምት፣ ሰይጣን፣ ቀየት፣ ሁሉንም ተዘጋጅቼበት ነበር። ይህን ግን አልተዘጋጀሁበትም። ስድስት ቀን ሙሉ ያልደነገጥኩት ሴት ዛሬ ደነገጥኩ።

"ስም አለኝ?" አሉ።

ስንዱን አየኋት። አንገቷን ደፋች። መዋሸት እችል ነበር፤ ገጹን ማግኘት አልቻልኩም ብል ማን ያውቃል? ግን ለዚህ ደብተር ብዬ ሰፈር ፊት ቆሜ ከጮኽኩ በኋላ አሁን ውስጡ ያለውን ብደብቅ እኔው አቃጠልኩት ማለት ነው። ገልጬ አነበብኩላቸው።

"ሄራሌ። ራሷ ሳትበላ የምታጎርስ፤ ያጎረሰችውንም የማትረሳ።"

የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው ይጎነጉናሉ።

"ማን ነው ያወጣው?"

"ሁለታችንም" አልን፣ እኩል።

"ውሸት አይደለም" አሉ። ወዲያው "ሰርዥው" አሉኝ።

"አልሰርዝም፣ እቴቴ።" ድምፄ እንደ ትናንቱ አልነበረም፣ ግን ያው ቃል ነው።

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጡም። "እንግዲያው እኔም የምለው አለኝ። ከሥሩ ጻፊልኝ። በአማርኛ ጻፊው፣ በኔ ቋንቋ።"

ቀይ እስክሪብቶ ነበር እጄ ላይ። ልቀይር ስል "ይሁን፣ በእሱ ጻፊው" አሉ። ቀስ ብለው አስጻፉኝ፣ ቃል በቃል፣ ዳዊት እንደሚደግሙት፦

"ሁለት ልጅ ያሳደገች፤ አንዷ እንኳ ያልነገረቻት።"

ጻፍኩት። ስንዱ መጥታ እግራቸው ሥር ተቀመጠች፣ ራሷን ጉልበታቸው ላይ አደረገች፤ እሳቸውም አላነሷትም። ኋላ ሲነሡ ደብተሩን አልጋዬ ላይ ትተውልኝ ወጡ።